በአውሮፕላን ጥበብ ቤት የሠራው ሰው፦ ዋሊ ባያም እና አዲስ አበባ የደረሱት ብርማ ቤቶች

ዕለት ተዕለት የምናነበውም የምንጽፈውም የአገር ቤትን ፖለቲካ በመሆኑ፣ ዛሬ ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ብለን የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ፈቀቅ አልን እንጂ ጨርሰን አልራቅንም፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ በሞያሌ በኩል አገራችን ይገባል።

በሰሜን አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ በተለይም ከባድ መኪና እየነዳችሁ ከጠረፍ ጠረፍ የምትመላለሱ ወገኖች፣ ከመኪና ኋላ ተጎትቶ የሚሄደውን ያን ብርማ ቤት ሳታዩት አትቀሩም። ክንፉና ጭራው ተቆርጦ ሆዱ ብቻ የቀረ አውሮፕላን ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጭበረብራል። ስሙ ኤርስትሪም ይባላል። ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ዋሊ ባያም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብለን ካልለየናቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ባያም የተወለደው በ1896 ሐምሌ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ በኦሪገን ግዛት ቤከር ሲቲ በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተፋትተዋል። በጉርምስናው በግ ጠባቂ ነበር። የእረኝነት ኑሮው ከእኛ አገር እረኛ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። አህያ የምትጎትተው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነበረው። በጋሪው ላይ የላምባ ምድጃ፣ ስንቅ፣ የውሃ ባልዲና መኝታ ተጭኗል። በጎቹ ወደሄዱበት ቤቱም አብሮ ይሄዳል። በኋላ የሠራውን ሁሉ ከዚያች ጋሪ ጋር የሚያያይዙ ብዙ ናቸው፤ እኛም ነገሩ ከእውነት የራቀ አይመስለንም።

ከእረኝነቱ በኋላ መርከበኛ ሆኖ ባሕር ላይ ጥቂት ዓመታት አሳለፈ። ቀጥሎ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተመረቀ። ምሕንድስና ግን አልተማረም፤ ይህ ለታሪካችን የሚጠቅም ነጥብ ስለሆነ ይያዝልን። ሥራው ማስታወቂያ መጻፍ፣ ቀጥሎም መጽሔት ማሳተም ነበር። ከመጽሔቶቹ አንዱ በገዛ እጃቸው ዕቃ መሥራት ለሚወዱ ሰዎች የሚዘጋጅ ነው። በአንድ ወቅት ይኸው መጽሔት ተጎታች ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ንድፍ አወጣ። አንባቢዎች በንድፉ ሠርተው ሲያዩት አልሆነላቸውም፤ የወቀሳ ደብዳቤ ጎረፈ። ባያም ንድፉን ራሱ ሊሞክረው ተነሳ፤ ሲሞክረው አንባቢዎቹ እውነታቸውን ኖሯል።

እሱም የራሱን መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ በፎርድ መኪና ሻንሲ ላይ ድንኳን የሚዘረጋ መድረክ ገጠመ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ድንኳን መትከልና መንቀል አሰልቺ ሆነ፤ ባለቤቱም አልወደደችውም። ስለዚህ ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ እንደ ውሃ ጠብታ የሾጠጠ ትንሽ ቤት ሠራ፤ ምድጃና የበረዶ ሳጥን አስገባበት። ከአንድ መቶ ዶላር ባነሰ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ፤ ዝርዝር ንድፉንም በጥቂት ዶላር በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ጎረቤቶችና መንገደኞች ደግሞ ሠርተህ ሽጥልን ይሉት ገቡ። የጓሮ ሥራው በ1931 ኩባንያ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም በሎስ አንጀለስ አጠገብ ከልቨር ሲቲ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። ልብ በሉ፣ ይህ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን የመታበት፣ ሥራ ያጣ ሰው ለዳቦ የተሰለፈበት ዘመን ነው።

ከነዚህ ቀደምት ሥራዎቹ የሚጠቀስለት አንድ ብልሃት አለ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ተጎታች ቤት ወለሉ ከአክስሉ በላይ ስለሚቀመጥ ሰው ውስጡ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም ነበር። ባያም ወለሉን በጎማዎቹ መካከል ዝቅ፣ ጣሪያውን ከፍ አደረገው። ሰው ቆሞ ወጥ መሥራት ቻለ። ቤቱ ግን አሁንም ከእንጨት፣ ከኮምፔንሳቶና ከተጨመቀ የእንጨት ዱቄት የተሠራ ነው። እንጨት ደግሞ ይከብዳል፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ መንገድ ሲያንገጫግጨው ምስማሩ እየላላ በየመጋጠሚያው ውሃ ያስገባል። የዚያን ዘመን መኪና ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ እንዲህ ያለ ቤት ሲጎትት ሞተሩ ይፈላል። መፍትሔው ከሌላ ሰው ነው የመጣው። ስለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ እኛ ግን ትንሽ እንቆይበታለን።

ሃውሊ ባውለስ ይባላል። የተወለደው ከባያም ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1896 ነው። ሙያው አውሮፕላን መሥራት ነበር፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ ግላይደር የሚባለውን ሞተር አልባ አውሮፕላን ነው። በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ ከኒው ዮርክ ተነስቶ፣ ብቻውን፣ ሳያርፍ፣ በ33 ሰዓት ተኩል ፓሪስ የገባባትን ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ የሠራው በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የራያን ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካውን ሥራ በኃላፊነት ይመራ የነበረው ባውለስ ነው። ያች አውሮፕላን በሁለት ወር ገደማ ነው ተሠርታ ያለቀችው። በኋላም ሊንድበርግን ግላይደር ማብረር ያስተማረው እሱ ነው።

ሞተር የሌለው አውሮፕላን የሚሠራ ሰው እያንዳንዷን ግራም ይቆጥራል። ነፋስ እንጂ የሚያነሳው ሞተር የለምና። ባውለስ ይህንን ዓይን ይዞ በ1934 ሮድ ቺፍ የተባለ ተጎታች ቤት ሠራ። ርዝመቱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ተጋግዞ ሊገፋው ይችላል ማለት ነው።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ተራ አናጢ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ቋሚና ወራጅ ያቆማል፣ ቀጥሎ ሳንቃ ይመታበታል። ሸክሙን የሚችለው ቋሚው ነው፤ ሳንቃው ነፋስና ዝናብ ይከለክላል እንጂ ራሱም ሸክም ነው። የአውሮፕላን ሠሪዎች ይህንን ገለበጡት። አንድ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ልታቆሙት ብትሞክሩ ይወድቃል፤ ጠቅልላችሁ እንደ ቱቦ ብታደርጉት ግን ይቆማል፣ መጽሐፍም ይሸከማል። የእንቁላል ቅርፊትም እንደዚሁ ነው። እነሱም ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ በቀጫጭን የጎድን አጥንቶች ላይ አልብሰው፣ ቆዳው ራሱ ሸክሙን እንዲከፋፈል አደረጉ። ከቆዳው የተረፈውን ሥራ ብቻ አጥንቱ ይሠራል። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረትን ሲሶ ያህል ነው። ንጹሑ ለስላሳ ቢሆንም ጀርመኖች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከመዳብና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ቀላቅለው አጠንክረውታል፤ መጀመሪያ ለታላላቆቹ የዜፔሊን አየር መርከቦች፣ ቀጥሎም ለአውሮፕላን ዋለ።

ላሜራው በምስማር አይመታም፣ በዚያን ጊዜም እንዲህ ሆኖ አይበየድም። የሚያያዘው በሪቬት ነው። ሁለቱ ላሜራዎች ተደርበው ይበሳሉ፤ አናት ያለው አጭር የአሉሚኒየም ዘንግ በቀዳዳው ይገባል። አንዱ ሠራተኛ ከውጭ ሆኖ በአየር በሚሠራ መዶሻ አናቱን ሲመታ፣ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። በሁለቱ መካከል የተያዘው ዘንግ ጫፉ ተደፍጥጦ ሌላ አናት ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ በንቅናቄ ብዛት የሚላላ ነገር አይደለም። ሁለቱ ሠራተኞች አይተያዩም፤ በጩኸቱ ምክንያትም በደንብ አይሰማሙም። የእጅ መግባባት ነው ሥራው። አንድ ቤት በሺህ የሚቆጠር ሪቬት ይበላል። ሹል ወይም ጠርዝ ያለው ነገር ነፋስን ስለሚጋፋ ፊትና ኋላው ክብ ይደረጋል። ክብ ለማድረግ ደግሞ ላሜራው እንደ ብርቱካን ልጣጭ በቁራጭ በቁራጭ ተቆርጦ ይጋጠማል።

ባውለስ ግን አንድ ነገር አልተሳካለትም፤ ገበያው። በሩን ከፊት ለፊት፣ መጎተቻው ላይ ስላደረገው ገቢና ወጪው መጎተቻውን መራመድ ነበረበት። ወደ ሰማንያ የሚሆኑ ብቻ ሠርቶ በ1936 ድርጅቱ ከሠረ። ባያም የባውለስን ተጎታቾች ሲሸጥ ቆይቶ ነበርና ሥራውን ከቅርብ ያውቀዋል። ባውለስ ሲከስር ንድፉን ወሰደ፤ በሩን ወደ ጎን አዛወረ፣ መልኩንም ጥቂት ለወጠ፣ በዚያው በ1936 ክሊፐር ብሎ ለገበያ አወጣው። ስያሜው በቀደመው ዓመት ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻግሮ ፖስታ ካደረሰው ታዋቂው የፓን አሜሪካን አየር መንገድ የውሃ ላይ አውሮፕላን የተወሰደ ነው። ክሊፐር አራት ሰው ያስተኛል፣ የራሱ ውሃ ማጠራቀሚያ አለው፣ የኤሌክትሪክ መብራት አለው፣ በደረቅ በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣም ሊገጠምለት ይችላል። ዋጋው 1,200 ዶላር ነበር። ለጊዜው ብዙ ገንዘብ ነው፤ ሆኖም ገዢ አላጣም።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት ብንሰጥ ቅር የሚለው አይኖርም ብለን እናምናለን። ኤርስትሪም ሲነሳ የባያም ስም ብቻ ይነሳል፣ የባውለስ ግን በግርጌ ማስታወሻ ይቀራል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብርማው ቤት የተፀነሰው ከአውሮፕላን ሠሪው ዘንድ ነው። ባያምን ግን ሌባ ለማለትም አንደፍርም። የከሰረ ሐሳብ አንስቶ፣ ጉድለቱን አርሞ፣ ለብዙ ዓመታት ሳይሰለች ማሻሻል ሌላ ችሎታ ነው። ቅርጹን በየዓመቱ እየለዋወጠ ገዢን የሚያባብል ሰው አልነበረም፤ ማሻሻያ ካልሆነ በቀር ለውጥ አይወድም። በ1930ዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ተጎታች ሠሪዎች ነበሩ፤ ከድቀቱና ከጦርነቱ ተርፎ እስከ ዛሬ የዘለቀው የእሱ ነው። ሁለቱም ሰዎች ድርሻ ድርሻቸው ቢሰጣቸው ምን ይጎዳል?

ጦርነቱ ሲመጣ አሉሚኒየም ሁሉ ለጦር አውሮፕላን ተወሰነ፤ ለመዝናኛ የሚባክን ቤንዚንም ጎማም ጠፋ። ባያም ፋብሪካውን ዘጋ። ሥራ የገባው ሎክሂድን በመሳሰሉ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ነው። የአውሮፕላኑን ጥበብ ከከሰረ ሰው የወረሰው ባያም አሁን ከምንጩ፣ ከሚያጓራው ፋብሪካ መካከል ተማረው። ባውለስም በበኩሉ ለጦር ሠራዊቱ የጭነት ግላይደር ወደ መንደፍ ገባ። በጦርነቱ ዘመን ሪቬት መምታት የለመደው ሠራተኛ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ የሰለጠነ እጅና የተረፈ አሉሚኒየም ሥራ ይፈልግ ነበር፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ኤርስትሪም እንደገና ሲነሳ ያገኘው ይህንን ነው።

ስለ ክብደቱ ማስረጃ የሚፈልግ ቢኖር የ1947ቱን ፎቶግራፍ ይመልከት። ፈረንሳዊው የብስክሌት እሽቅድምድም ጀግና አልፍሬድ ሌቱርነር፣ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ፣ አንድ ኤርስትሪም በብስክሌቱ አስሮ ሲጎትት ይታያል። ፎቶው ማስታወቂያ ነው፤ ያም ሆኖ ቤቱ የእውነት ቤት፣ ብስክሌቱም የእውነት ብስክሌት ነበር። የኩባንያው ዓርማም ሆኖ ቀርቷል። በ1952 ባያም በኦሃዮ ግዛት ጃክሰን ሴንተር በምትባል አነስተኛ ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ከፈተ፤ ኤርስትሪም ዛሬም የሚሠራው እዚያው ነው። ዕቃው እንከን የለሽ ነው አንልም። በረዶ ሲዘንብበት ይሰረጉዳል፤ በሪቬት መካከል ሾልኮ የሚገባ ውሃ ከሥር ያለውን የኮምፔንሳቶ ወለል ያበሰብሳል። አሮጌውን ገዝተው የሚያድሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ምንጣፉን ነው ይባላል።

ባያም ግን ቤት ሠርቶ መሸጥ ብቻ አልበቃው አለ። የሸጠላቸውን ሰዎች ሰብስቦ መንገድ ማስገባት ጀመረ። በ1951 ወደ መካከለኛው አሜሪካ የመጀመሪያውን ቅፍለት መራ፤ 63 ተጎታቾች ተነስተው እስከ መጨረሻው የዘለቁት 14 ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በተወው። እሱ ግን የተሰበረውን ሁሉ እየመዘገበ፣ የትኛው መጋጠሚያ እንደላላ፣ የትኛው ባሌስትራ እንደተሰበረ እያየ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። መጥፎ መንገድ ለእሱ የሙከራ ቤት ነበር። በ1955 በስሙ የተጓዦች ክበብ ተቋቋመ፣ በ1956 አውሮፓን ዞሩ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን የጣለው አፍሪካ ላይ ነው።

በ1959 አርባ አንድ ተጎታችና 106 ሰው ይዞ ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ተነሳ። ግቡ ካይሮ፣ ፒራሚዶቹ እግር ሥር ነበር። አብዛኞቹ ተጓዦች ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ናቸው። ቤቶቹ ብርማ ሲሆኑ የባያም የራሱ ግን በወርቅማ ቀለም የተነከረ ነበር። ከአፓርታይድዋ ደቡብ አፍሪካ ተነስተው በሮዴዥያ፣ ያኔ ገና በቤልጅግ እጅ በነበረችው ኮንጎ፣ በዩጋንዳና በኬንያ አለፉ። የጉዞውን ጊዜ እናስተውል። ባለቤቶቹ ነጻነት ሊቀበሉ በወራት የሚቆጠር ጊዜ ሲቀራቸው ነው ባለ ቤት መኪኖቹ በመካከላቸው ያለፉት፤ ኮንጎ ነጻ የወጣችው በ1960 ሰኔ መጨረሻ ነው። ተጓዦቹ ይህን ምን ያህል እንደተረዱት መገመት ያዳግታል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭቃውና ስለ አውሬው የተወራውን ያህል በየመንገዱ ቆሞ ስላያቸው ሕዝብ አልተወራም።

ከኬንያ ሰሜን ጫፍ እስከ ኢትዮጵያ ደቡብ ያለው መንገድ ከጉዞው ሁሉ እጅግ ፈታኝ ከነበሩት አንዱ ነው። በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው ገና በ1951 ሲሆን፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ የአምስት ሚሊዮን ዶላር ብድር የተጀመረው ሥራ በዋነኛነት ጣሊያን የተዋቸውን መንገዶች መጠገን ነበር። ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ተራውን ገና አላገኘም። ድንጋዩ፣ ጭቃውና ወንዙ ከባድ መኪናን የሚያቆሙ ነበሩ። በሎስ አንጀለስ የአውሮፕላን ሠሪዎች ያጠኑት ቀጭን ቆዳ በቦረና ድንጋይ ላይ የተፈተነው እንዲህ ነው። አውሮፕላን አየር ላይ ይንቀጠቀጣል እንጂ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለድንጋይ አይነጥርም። ቆዳው ቻለው።

ወደ ሰሜን ሲጓዙ ያቋረጡት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ደግሞ ብዙው ገበሬ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጢሰኛ የነበረበት አገር ነው። በወርና በዓመት ለባለ መሬት እህል እየሰፈረ የሚኖር ሰው፣ ባለቤቶቹ ወደፈለጉበት የሚጎትቱትን የሚያብለጨልጭ ቤት ቆሞ ሲያይ ምን እንዳሰበ የጻፈ የለም። መሬት ለአራሹ የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተሰማው ከዚያ በኋላ፣ በ1965 ነው።

በአዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከባያምና ከጓዶቹ ጋር ተገናኝተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር፣ በተለይም ለመኪናና ለአውሮፕላን፣ የነበራቸው ፍቅር የሚታወቅ ስለሆነ አያስደንቅም። ለእኛ የሚያስደንቀን ሌላ ነው። ብርማዎቹ ቤቶች አዲስ አበባ ሲደርሱ ከሪቬት ጋር የተዋወቁ ኢትዮጵያውያን እጆች በከተማው ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመባቸው ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ አውሮፕላኖች በዚሁ ጥበብ የተሠሩ ናቸው፤ ቀጭን ላሜራ፣ ቀጭን አጥንት፣ ብዙ ሪቬት። በልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ከአሜሪካውያኑ ጎን ሆነው ሙያውን ይማሩ የነበሩ ወጣት መካኒኮች ቤቶቹን ቢያዩ ሌላው ተመልካች እንደተደነቀው አይደነቁም ነበር። ገጣጥማችሁ ሥሩ ቢባሉም መሣሪያው በእጃቸው ነበረ። ለሽርሽር የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ያለው ገዢ ግን ከየት ይመጣል?

ቅፍለቱ በሱዳን በኩል አድርጎ በ1960 ካይሮ ገባ፤ ቤቶቹም በፒራሚዶቹ አጠገብ ተደርድረው ፎቶ ተነሱ። ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል፣ 221 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ከወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ፈነዳ። ቅፍለቱ አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ሌላ አዲስ አበባን ነበር።

ባያም ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። በአንጎል ዕጢ ታሞ በ1962 ሐምሌ 22 ቀን በ66 ዓመቱ አረፈ። ተከታዮቹ ያሰበውን ዓለምን የመዞር ጉዞ በ1963 እና በ1964 ያለ እሱ አደረጉት። ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ከ1980 ጀምሮ የቶር ኩባንያ ንብረት ነው። የባውለስ ስምም በ2010ዎቹ ተነስቶ፣ የሮድ ቺፍን መልክ የያዙ ውድ ተጎታቾች እንደገና ይሠሩ ጀመር።

በ1969 ሐምሌ ወር የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ሲመለሱ፣ የማይታወቅ በሽታ ይዘው እንዳይሆን ተብሎ ከሰው ተለይተው መቆየት ነበረባቸው። ሆርኔት በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሲወጡ በቀጥታ የገቡት ጎማው ተነቅሎ አየር እንዳያወጣ ተደርጎ ወደተዘጋጀ ኤርስትሪም ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ሰላም ያሏቸው በመስኮቱ በኩል ነበር። ባያም ከሞተ ሰባት ዓመት፣ ባውለስ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።